አያ ዳኛው መሞት አለመሞታቸውን ለመወሰን የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

የኮሶዬ ደጋ በር መረዳጃ ዕድር፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ

ቀን፦ ዓርብ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታ፦ ኮሶዬ፣ ከደባርቅ መንገድ ዳር፣ በወይዘሮ እናኑ ምግብ ቤት የኋለኛው ክፍል። ኮሚቴው ዘወትር የሚሰበሰበው በዕድሩ ድንኳን ውስጥ ነው። ሆኖም ድንኳኑ በአሁኑ ሰዓት ለአያ ዳኛው ለቅሶ በአያ ዳኛው ደጅ ተተክሎ ይገኛል። አያ ዳኛውም እዚያ ገብተው መሰብሰብ ደስ እንደማይላቸው ስለገለጹ ቦታው ተቀይሯል።

ሰዓት፦ ከረፋዱ በ4፡00 ይጀመራል ተብሎ በ5፡10 ተጀመረ። ምክንያቱ በዚህ ቃለ ጉባኤ አይጻፍም፤ ሰብሳቢው ራሳቸው ያውቁታል።

የተገኙ አባላት፦
አያ ማለደ፣ ሰብሳቢ
ወይዘሮ እናኑ፣ የዕቃ ቤት ኃላፊ
አቶ ወንዴ፣ የዕድሩ ለፋፊ (በሥራቸው የሚኒባስ ሹፌር)
አያ ዳኛው፣ አባል (በሕይወት ስለ መኖራቸው አጀንዳ ሁለትን ይመልከቱ)
ሀብተሥላሴ፣ ጸሐፊ

በእንግድነት፦ መምህርት ምስጢር። ጎንደር ማራኪ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በሰው ላይ ምን እንደሚያደርጉ ያስተምራሉ። ወደ ደባርቅ ሲያልፉ ሽሮ ሊበሉ ቆመው ሳለ የጎረቤት ጠረጴዛውን ወሬ ሰምተው፣ ተማጽነው ገብተዋል።

ያልተገኙ፦ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ዕለቱ ጊዮርጊስ ስለሆነ ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም። ወይዘሮ ፈንታዬ፣ በአያ ዳኛው ለቅሶ ምክንያት።

አጀንዳ አንድ፦ ምልዓተ ጉባኤ ስለ መሟላቱ

ጸሐፊው የኮሚቴው አባላት ሰባት መሆናቸውን፣ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት አምስት ካልተገኙ ስብሰባው ስብሰባ እንደማይባል አስታወሰ። አቶ ወንዴ በጣታቸው ቆጥረው አምስት ነን አሉ። ሰብሳቢው አያ ማለደ ግን አምስተኛው አያ ዳኛው መሆናቸውን፣ የአያ ዳኛው ስም ደግሞ ረቡዕ ዕለት ከአባላት መዝገብ መሰረዙን አነሱ። ስሙን የሰረዘው ጸሐፊው ነው። በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ አይጠፋም።

ወይዘሮ እናኑ ነገሩ ቀላል ነው፣ መጀመሪያ አያ ዳኛው አልሞቱም ብለን እንወስን፣ ከዚያ እንቁጠራቸው አሉ። ጸሐፊው ያን ለመወሰን አምስት ሰው እንደሚያስፈልግ፣ አምስት ሰው የሚሞላው ደግሞ ከተወሰነ በኋላ እንደሆነ አስረዳ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም ወደ አያ ዳኛው ተመለከተ። አያ ዳኛው በዚህ መካከል ሁለት ጊዜ አስነጥሰዋል፤ አቶ ወንዴ ይህ በማስረጃነት እንዲያዝ ጠይቀዋል።

ከረጅም ውይይት በኋላ አያ ዳኛው ለጊዜው፣ ለስብሰባው ሥራ ብቻ፣ በሕይወት እንዳሉ እንዲቆጠሩ ተወሰነ።

አጀንዳ ሁለት፦ አያ ዳኛው በሕይወት ስለ መኖራቸው

አያ ዳኛው ቃላቸውን እንዲሰጡ ተጋበዙ። ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት መሆኑን፣ ልጅ እንዳልወለዱ፣ ሚስታቸው ካረፉ ስድስት ዓመት እንዳለፈ ገለጹ። ያላቸው አንድ ታናሽ ወንድም ነው፤ አቶ አዳሙ ይባላሉ፣ ቆላ ድባ ይኖራሉ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የአባታቸው ተዝካር በወጣ ዕለት አያ ዳኛው በሰው ሁሉ ፊት ሁሉን ያደረግሁት እኔ ብቻዬን ነኝ ብለው ተናገሩ። አዳሙ ከድንኳኑ መሀል ተነሡ። ያሉትን ቃል አያ ዳኛው እንዲህ ሲሉ ደግመውታል፦

«ከእንግዲህ ተዝካርህን ልበላ ካልሆነ ደጅህን አልረግጥም፣ አለ። ማለ። በመስቀል ነው የማለ።»

ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። አያ ዳኛው ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልከዋል፤ አዳሙ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ መሐላዬን አላፈርስም ብለው መልሰዋቸዋል። አያ ዳኛው ዕድሜያቸው ሲገፋ ብዙ ካሰቡ በኋላ አንድ ዘዴ መጣላቸው። ሰው ወራሽ ሲያጣ፣ ወይም ወራሹን ሳያምነው ሲቀር፣ በሕይወት ሳለ የቁም ተዝካር ያወጣል። የቁም ተዝካርም ተዝካር ነው፤ አዳሙ ሊበሉት ቢመጡ መሐላቸው አይፈርስም። ስለዚህ ድግሱን ለእሑድ ጥር 25 ቆረጡ። ከዚያም ጎንደር ወርደው በሬዲዮ አስነገሩ፤ ሽማግሌ ቢመለስም ሬዲዮ አይመለስም ብለው ነው።

ለሬዲዮ ጣቢያው የሰጡትን ወረቀት ከኪሳቸው አወጡ። ጸሐፊው እንደሚከተለው ገልብጦታል፦ «አቶ ዳኛው የተባሉ የኮሶዬ ነዋሪ፣ በሕይወት ሳሉ የቁም ተዝካራቸውን እሑድ ጥር 25 ቀን ስለሚያወጡ፣ ዘመድ ወዳጅ ሁሉ፣ በተለይም በቆላ ድባ የሚኖሩ ወንድማቸው አቶ አዳሙ እንዲገኙላቸው ይለምናሉ።» ጸሐፊው ለሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቷል፤ ከዚህ የጠራ ጽሑፍ ብዙ አላየም።

ድምፅ ተሰጠ። አያ ዳኛው በሕይወት አሉ የሚሉ ሦስት። የሚቃወም የለም። ድምፀ ተአቅቦ አንድ፣ እሱም አያ ማለደ፤ ነገሩ ገና አልተጣራም ብለዋል። አያ ዳኛው ጉዳዩ በቀጥታ ስለሚነካቸው ድምፅ አልሰጡም። በአብላጫ ድምፅ በሕይወት እንዳሉ ተወሰነ። መዝገቡ ላይ በቀይ ከተሰረዘው ስም አጠገብ በሰማያዊ «ተመልሰዋል» ተብሎ ተጽፏል።

አጀንዳ ሦስት፦ በሕይወት ያለ ሰው እንዴት ሊለቀስለት እንደ ቻለ

ወረቀቱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ድንኳን እንዴት ሊተከል ቻለ የሚል ጥያቄ ከጸሐፊው ቀረበ።

አያ ማለደ እንዳስረዱት፣ ማስታወቂያው የተነገረው ረቡዕ ጠዋት፣ አስተርዮ ማርያም ዕለት ነው። አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እርሳቸው ብቻ እግራቸው አብጦ ከሬዲዮናቸው ጋር ቤት ቀርተዋል። «አቶ ዳኛው የተባሉ የኮሶዬ ነዋሪ» እስከሚለው ሰምተዋል። የጓደኛቸውን ስም በሬዲዮ ሲሰሙ ግን ደንግጠው ጮኹ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከራሳቸው ጩኸት የተነሣ አልሰሙም። ጩኸታቸው ሲበርድ ያገኙት «ተዝካር» እና «ጥር 25» የሚሉትን ብቻ ነው።

ጸሐፊው ተዝካር በአርባኛው ቀን መሆኑን፣ አያ ዳኛው ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ከአያ ማለደ ጋር ጠላ ሲጠጡ መታየታቸውን ጠቅሶ ይህ እንዴት አላጠራጠረዎትም ሲል ጠየቀ። አያ ማለደ አጠራጥሯቸው እንደነበር አመኑ። አስበው የደረሱበት ግን ጎንደር ያለ ሬዲዮ የኮሶዬን ቀን መቁጠር ሊሳሳት እንደሚችል ነው፤ ስለዚህ ቀኑን አርመው፣ ሞቱን እንዳለ ተቀበሉት።

ከዚህ በኋላ ወሬው የሄደበት መንገድ እንዲህ ተመዝግቧል። አያ ማለደ ለወይዘሮ እናኑ ነገሩ። ወይዘሮ እናኑ ለምሳ ለገባ ሰው ሁሉ ነገሩ፤ ጎንደር ሐኪም ቤት ነው ያረፉት የሚለው እዚህ ላይ የተጨመረ ይመስላል። አቶ ወንዴ ከምሳ በኋላ በሚኒባሳቸው ላይ ባለው ድምፅ ማጉያ ከኮሶዬ እስከ ጎንደር መናኸሪያ ለፈፉ። መናኸሪያ ላይ ደግሞ ለአንድ የቆላ ድባ ሹፌር ሞቱን ነግረው፣ ለሟች ወንድም ለአቶ አዳሙ እንዲያደርስ አደራ ብለውታል።

በዚህ ጊዜ መምህርት ምስጢር ፈቃድ ጠይቀው ተናገሩ። ይህ በእነርሱ ትምህርት የታወቀ ነገር ነው አሉ። ሬዲዮ የተናገረው በቀጥታ ወደ ሕዝብ አይደርስም፤ መጀመሪያ ሰው የሚያምነው አንድ አዋቂ ይሰማዋል፣ ሕዝቡ ከእርሱ ይቀበላል። ባለ ሁለት ደረጃ ፍሰት ይባላል። አያ ማለደ አዋቂ መባላቸውን ሰምተው ካባቸውን አስተካከሉ። ወይዘሮ እናኑ አዋቂ የተባለው ሬዲዮውን ነው ወይስ አያ ማለደን ብለው ጠየቁ። መልሱ አያ ማለደ መሆኑ ሲነገራቸው ወደ ጓዳ ገብተው ሳቁ።

መምህርቷ ቀጥለው ለኮሚቴው አንድ ጥያቄ አቀረቡ። በዚህ ወሬ የተታለለ እጁን ያውጣ አሉ። ማንም አላወጣም። አያ ማለደ እርሳቸው አለቀሱ እንጂ አላመኑም። ወይዘሮ እናኑ አላመኑም፤ ለምናልባቱ ብቻ አራት ድስት ሽሮ ሠርተዋል። አቶ ወንዴ አንድም ቀን አላመኑም፣ ሥራ ስለሆነ ብቻ ለፈፉ። ሁሉም በአንድ ድምፅ የተታለለው ሌላው ሕዝብ እንደሆነ መሰከሩ። መምህርቷ ይህንንም በትምህርታቸው ያውቁታል፤ ሰው ሬዲዮ ሌላውን ያሳስታል ይላል እንጂ እኔን አሳሳተኝ አይልም አሉ። ይህን ሲሉ ማስታወሻቸው ላይ በጣም በፍጥነት ይጽፉ ነበር፤ ደስታቸውም ከፊታቸው ይታይ ነበር።

ጸሐፊው አምኗል። ሌሊቱንም አልቅሷል። ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ራሱ ጠይቋል።

ከዚያ ወደ ኀሙስ ጉዳይ ተገባ። አያ ዳኛው ጎንደር አድረው፣ ለድግሱ ጌሾና ዘይት ገዝተው፣ ኀሙስ ከሰዓት ወደ ኮሶዬ የተመለሱት በአቶ ወንዴ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ነው። አቶ ወንዴ ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣ በድምፅ ማጉያ የአያ ዳኛውን ሞት እየለፈፉ ነዱ። አያ ዳኛውም እየሰሙ መጡ። የኮሶዬው ሌላ ዳኛው ማን ነበር እያሉ ሲያስቡ ቆይተው፣ ባይታወቃቸውም ሰው ነውና አዘኑለት። ከመኪናው ወርደው ድንኳን ሲያዩ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ። ወደ ድንኳኑ ሲጠጉ ግን ደጁ የራሳቸው ሆኖ አገኙት።

ሚኒባሱ ውስጥ አሥራ አራት ተሳፋሪ ነበር፤ ስምንቱ አያ ዳኛውን በመልክ ያውቋቸዋል። ምነው አልተናገሩም ተብሎ ተጠየቀ። አቶ ወንዴ አጣርተው እንደደረሱበት፣ እያንዳንዱ ሌላው ዝም ሲል አይቶ ዝም ብሏል። አንዱ እንዲያውም ዓይኔ ነው ብሎ ጠበል ሊጠመቅ አስቧል። መምህርት ምስጢር ይህ የዝምታ አዙሪት ይባላል አሉ፤ ሰው ብቻውን የተለየ መስሎ ላለመታየት ያየውን ይውጣል። ወይዘሮ እናኑ እኛ ይህን ከዩኒቨርሲቲ በፊት እናውቀዋለን፣ ይሉኝታ እንለዋለን አሉ። ይህም ተመዘገበ።

ወይዘሮ ፈንታዬ አያ ዳኛው በሕይወት መኖራቸው ሲነገራቸው የጀመርሁትን ልጨርስ ብለው አሁንም ድንኳን ውስጥ እያለቀሱ መሆኑ ተገለጸ። እነሆ ከድንኳኑ እስከዚህ የሚሰማው ድምፅ የእርሳቸው ነው።

የቀረቡ የውሳኔ ሐሳቦች። ወይዘሮ እናኑ አያ ማለደ ከእንግዲህ ሬዲዮ ሲሰሙ አፋቸውን በጋቢያቸው ይዘው እንዲሰሙ ጠየቁ። አቶ ወንዴ ማንኛውም የሞት ወሬ ሟቹ ራሱ ሳይጠየቅ እንዳይለፈፍ ጠየቁ። ጸሐፊው ይህ በተግባር ሊያስቸግር እንደሚችል ቢያሳስብም ሰሚ አላገኘም። አያ ማለደ ደግሞ ጥፋቱ የሬዲዮው ነው፣ ሬዲዮኔ ይወረስና ለሦስት ወር በመሪጌታ ቤት ይታሰር አሉ። መሪጌታ ሬዲዮ ስለሌላቸው ሐሳቡን ለአያ ማለደ ማን ሹክ እንዳላቸው አጠራጥሯል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሦስቱም ጸደቁ። ድንኳኑን በተመለከተ፣ ደንቡ ድንኳን ያለ ሟች አይቆምም ስለሚል መነሣት ነበረበት። ነገር ግን ለእሑዱ የቁም ተዝካር መልሶ መትከል ድካም ስለሆነ፣ አያ ዳኛው ለድንኳኑ ጉዳይ ብቻ እስከ እሑድ እንደ ሟች እንዲቆጠሩ ተወሰነ። አያ ዳኛው ቅሬታቸውን አስመዝግበዋል።

አጀንዳ አራት፦ አቶ አዳሙ ምን ሰሙ? የሰሙትስ ምን ያደርጋቸዋል?

ይህን አጀንዳ ያስያዙት አያ ዳኛው ናቸው። እስካሁን የተባለው ሁሉ ቢቀርም ግድ የለኝም፣ እኔ የመጣሁት ለዚህ ነው አሉ። ወደ ቆላ ድባ ሁለት ወሬ ሄዷል። አንዱ ረቡዕ ጠዋት በሬዲዮ የሄደው እውነተኛው ነው። ሁለተኛው ረቡዕ ማታ በሹፌሩ የሄደው ነው። አዳሙ እውነተኛውን ሰምተው ከሆነ መምጣት ይችላሉ፤ መሐላቸው ተጠብቆ፣ ክብራቸው ተጠብቆ። ሞቱን ሰምተው ከሆነ ግን እያለቀሱ መጥተው ወንድማቸውን ተቀምጦ ያገኙታል። በሐሰት አመጣኸኝ፣ መሐላዬን አስፈረስኸኝ ብለው ይመለሳሉ። «ያኔ ሁለተኛ ዓይኑን አላየውም» አሉ አያ ዳኛው።

አያ ማለደ መምህርቷን አሁን ነው ትምህርትሽ የሚያስፈልገን አሏቸው።

መምህርት ምስጢር በቅንነት ሞከሩ። በጥንቱ ንድፈ ሐሳብ ሬዲዮ እንደ መርፌ ነው፤ የተናገረውን ሰሚው ላይ ይወጋል፣ ሰሚውም እንደተወጋ ይሄዳል። በዚህ ቢሆን አዳሙ ማስታወቂያውን እንደሰሙ ተነሥተው ይመጣሉ። ግን ይህን ንድፈ ሐሳብ ሊቃውንቱ ከጣሉት ብዙ ዘመን ሆኗል፤ ሰው ስለሰማ ብቻ ተነሥቶ አይሄድም አሉ። አያ ዳኛው አንገታቸውን ደፉ። በባለ ሁለት ደረጃው ቢሆን ደግሞ አዳሙ ከሬዲዮ ይልቅ የሚያውቁትን ሹፌር ያምናሉ። አያ ዳኛው የባሰ አንገታቸውን ደፉ። መምህርቷ ይህን አይተው ሦስተኛ ፈለጉ። ሰው ከሰማው ውስጥ የፈለገውን ብቻ ነው የሚሰማው የሚሉም አሉ ሲሉ አያ ዳኛው ቀና ብለው ጠየቁ፦

«አዳሙስ የሚፈልገው የቱን ነው?»

መምህርቷ ይህን መጽሐፍ አይመልሰውም አሉ። ማስታወሻቸውንም ለጊዜው አስቀመጡ።

ውይይቱ ቀጠለ። አቶ ወንዴ አሁኑኑ ቆላ ድባ ሄጄ አልሞቱም ብዬ ልለፍፍ አሉ። ወይዘሮ እናኑ ትናንት ሞቱ ያለ አፍ ዛሬ አልሞቱም ቢል ማን ያምነዋል አሉ። አያ ማለደ በሬዲዮ «አቶ ዳኛው አልሞቱም» ተብሎ ይነገር አሉ። አያ ዳኛው ራሳቸው ተቃወሙ፤ አልሞቱም ከተባለ አዳሙ ተዝካሩም የለም ብሎ ይቀራል፣ መሐላው የሚፈቅድለት ለተዝካር ብቻ ነው አሉ። ጸሐፊው «አልሞቱም፣ ተዝካራቸው ግን አለ» ተብሎ እንዲነገር ሐሳብ አቀረበ። መምህርቷ ይህን የሰማ ሰው ከዚህ በፊት ያልሰማውን ሞት አሁን መጠርጠር ይጀምራል አሉ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይሏል ይህ ነው፤ የሚመልሰው ጠፋ።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሁለት ድምፅ ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞ፣ በሰብሳቢው ወሳኝ ድምፅ የሚከተለው ተወሰነ። አያ ዳኛው ለኮሶዬ ሰው በሕይወት ያሉ፣ ለአቶ አዳሙ ግን አዳሙ ደርሰው ቀስ ተብሎ እስኪነገራቸው ድረስ የሞቱ ሆነው ይቆያሉ።

ይህ ከተወሰነ ጥቂት ደቂቃ በኋላ የአቶ ወንዴ ስልክ ጮኸ። የደወለው የጎንደር ደባርቅ መስመር ሹፌር ነው። አንድ የቆላ ድባ ሽማግሌ ጆንያ ይዘው ከጎንደር መሳፈራቸውን ተናገረ። ሽማግሌው ከማንም ጋር አያወሩም፤ የሚጠይቁት ኮሶዬ ስንት ሰዓት እንደርሳለን የሚለውን ብቻ ነው። አቶ ወንዴ አሁን የት ናችሁ ሲሉ ሹፌሩ ከምግብ ቤቱ ደጅ እያቆምሁ ነው ብሎ መለሰ።

አጀንዳ አምስት፦ ድንገተኛ

አያ ማለደ የተወሰነው ውሳኔ ባስቸኳይ ሥራ ላይ እንዲውል አዘዙ። አያ ዳኛው በወይዘሮ እናኑ ትከሻ ተገፍተው ወደ ጓዳ ገቡ። ጓዳው ጠባብ ነው፤ የዱቄት ማስቀመጫው ላይ እንደተደገፉ ከድምፁ ታውቋል። ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ድምፃቸውን ሊያሰሙ ሞክረው በአባላቱ ተከልክለዋል። ጸሐፊው ሟች አስተያየት መስጠት እንደማይችሉ ከደንቡ አነበበላቸው።

አቶ አዳሙ ገቡ። ጆንያውን ከትከሻቸው አወረዱ። ኮሚቴው እንደ ታቀደው በአንድ ላይ ተነሥቶ «እግዜር ያጥናህ» አለ።

አቶ አዳሙ አባላቱን አንድ በአንድ አዩ። «ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

መምህርት ምስጢር ከንፈራቸውን ነክሰዋል።

አቶ አዳሙ ቀጠሉ። «የአያ ዳኛው ተዝካር እሑድ አይደል? ሥራ ካለ ልርዳ ብዬ ቀድሜ መጣሁ። ይኸ ሽምብራ ነው፣ ለድግሱ። ረቡዕ በሬዲዮ ሰማሁት፣ በጆሮዬ። ወንድም እያለው ምነው ተዝካሩን ራሱ ያወጣል? ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

አያ ማለደ እንደምንም ድምፃቸውን አግኝተው፣ ሹፌሩ ሌላ ነገር አልነገረህም ወይ ሲሉ ጠየቁ።

«ነገረኝ፤ ሞተ አለኝ። እኔን ሳይነግረኝማ አይሞትም አልሁት።»

ጓዳው ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። መጋረጃው ተገለጠና አያ ዳኛው ብቅ አሉ። ከራሳቸው እስከ ትከሻቸው ነጭ ሆነዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች ምን ያህል ጊዜ ቆመው እንደተያዩ አይታወቅም፤ ጸሐፊው ሰዓቱን መመልከት ረስቷል። ለሠላሳ ዓመት ረስቶ አያውቅም።

«ምነው እንዲህ ሸበትህ?» አሉ አቶ አዳሙ።

«ዱቄት ነው» አሉ አያ ዳኛው።

ከዚያ ተቃቀፉ። ዱቄቱም ለሁለቱ ደረሰ። አቶ ወንዴ መኪናዬን ልይ ብለው ወጡ፣ አያ ማለደ የዓይን ሕመም አለብኝ አሉ፣ ወይዘሮ እናኑ ሽንኩርት ሳይኖር ስለ ሽንኩርት ተናገሩ። ጸሐፊው ዛሬም አልቅሷል፤ ምክንያቱን መጻፍ አያስፈልገውም።

መምህርት ምስጢር ማስታወሻቸውን ዘግተው ወደ ቦርሳቸው ከተቱ። የትኛው ንድፈ ሐሳብ እውነት ሆነ ሲባሉ፣ የተጣለው መርፌ አንድ ሰው ላይ ሠርቷል፣ እኔ ግን ይህን ሰው የወጋው ሬዲዮው ነው ብዬ ብጽፍ ለሊቃውንቱም ለእሱም መዋሸት ይሆናል አሉ።

ሰብሳቢው ሥርዓት ለማስያዝ አንድ ነጥብ አነሡ። ተዝካሩ እሑድ ነው፣ ዛሬ ዓርብ ነው፤ አቶ አዳሙ ተዝካር ሳይበሉ ደጅ ረግጠዋልና መሐላው ፈርሷል ወይስ አልፈረሰም አሉ። አቶ አዳሙ የረገጥሁት የእናኑን ደጅ ነው ብለው መለሱ። ስለዚህ እስከ እሑድ እዚሁ እንደሚቀመጡ አሳወቁ። አያ ዳኛው እንዲያ ከሆነ እኔም እዚሁ እቀመጣለሁ አሉ። ወይዘሮ እናኑ ሁለቱም ሽምብራ እየለቀሙ የሚቀመጡ ከሆነ ተቃውሞ እንደሌላቸው ገለጹ። ወንድማማቾቹ ጆንያውን ፈትተው መልቀም ሲጀምሩ፣ የአባታቸውን ተዝካር ጠላ የጠመቀው ማን እንደነበር ተከራከሩ። ክርክሩ ይህ እስከሚጻፍ ድረስ አላለቀም፤ ሸጋ ክርክር ነው።

ስብሰባው ከቀኑ በ8፡50 ተዘጋ። የዘጋው ሰብሳቢው አይደለም፤ ማንም ስላልሰማቸው በራሱ ተዘጋ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዛሬው ዕለት ከአጀንዳ አንድ እስከ አጀንዳ አምስት የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። አያ ማለደ አፋቸውን ሳይዙ ሬዲዮ ይሰማሉ፣ ሬዲዮውም አይታሰርም፤ አቶ ወንዴም ማንንም ሳይጠይቁ ይለፍፋሉ። አያ ዳኛው ለድንኳንም ሆነ ለማንም ሟች አይደሉም። በሕይወት አሉ ተብሎ የተሰጠው ድምፅም ተሽሯል፤ ወንድማቸው አይቷቸዋልና ድምፅ አያስፈልግም።